ከጋራዥ የወጣ መኪና ሲቆም ሒሳቡ የማን ነው?

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጉዱማሌ መኪና አያጣውም። ሐይቁ ዳር ሊናፈስ የሚመጣው የሀዋሳ ነዋሪም ሆነ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚደርሰው እንግዳ መኪናውን አቁሞ እስከ ማታ ይቆያል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲከበርማ አካባቢው ጠጠር መጣያ አይገኝለትም። ጀምበር ጠልቃ ሰው ወደየቤቱ ሲል ታዲያ ከመኪኖቹ አንዱ አልነሳም ማለቱ አይቀርም። ኮፈኑ ይከፈታል፣ ምክር የሚሰጠው ይበዛል፣ የሚገፋም አይጠፋም።

መኪና መቆሙ በራሱ ብርቅ አይደለም። ነገሩ የገበያ ጉዳይ የሚሆነው ባለመኪናው ስልኩን አውጥቶ ጋራዥ ሲደውል ነው። «ወንድሜ፣ ትናንት ነው እኮ ከአንተ ዘንድ ያወጣሁት!» ይላል። ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣው መልስም ያው የታወቀው ነው፤ «ጋሼ፣ ከዚህ ሲወጣ ደህና ነበር።»

ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። መኪናው ከጋራዡ ሲወጣ ተነስቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ አልነሳም። በመካከሉ የሆነውን የሚያስረዳ አንዳች ወረቀት የለም። ምን ተፈታ? ምን ተቀየረ? የተቀየረውን ዕቃ ማን ገዛው? ይህ ሁሉ በሁለት ሰዎች ትዝታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ትዝታ ደግሞ ገንዘብ በመጣ ቁጥር ወደ ባለቤቱ ማዘንበሉ የታወቀ ነው። ለሁለተኛው ጥገና የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሚወሰነውም ብዙውን ጊዜ በጉልበት፣ በይሉኝታ ወይም በቸኮለው ሰው ሽንፈት ነው።

ስህተት ለምን ተወደደ?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የአንዲት የተሳሳተ ጥገና ዋጋ ከቀድሞው በእጅጉ ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ።

እነዚህ ሦስት ውሳኔዎች ለየራሳቸው ምክንያት የተወሰዱ ቢሆኑም ጋራዥ በር ላይ ይገናኛሉ። አሮጌ መኪናውን ሸጦ በሌላ መተካት ያልቻለ ሰው ያለችውን እያስጠገነ መኖር ግድ ሆኖበታል። የሚገጠመው መለዋወጫ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ዋጋው ከዶላሩ ጋር ይወጣል። ስለዚህ «እስቲ ይህን ቀይረን እንሞክረው» የሚለው አነጋገር ዱሮ የሚያስከፍለውና ዛሬ የሚያስከፍለው አንድ አይደለም።

ጉዳቱ ለሽርሽር በወጣው ሰው ላይ ብቻ የሚወድቅም አይደለም። ሚኒባስ ወይም ባጃጅ ተረክቦ የሚሠራ ሾፌር መኪናው አንድ ቀን በቆመ ቁጥር ለባለንብረቱ የሚያስገባው የዕለት ገቢ፣ የረዳቱ አበልና የራሱ የቤት ወጪ አብረው ይቆማሉ። ዕቁቡ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ

የባለሙያዎቹ አሠራር ሲታይ፣ ከጥገና በኋላ አልነሳ ያለ መኪና የሚመረመርበት መንገድ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቁልፉ ሲጠመዘዝ ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም?

የማይዞር ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ ይሄዳል። ይኸውም ባትሪው፣ ገመዶቹ፣ ፊውዞቹ፣ ሞተሪኖው ናቸው። ደህና የተሞላ ባትሪ መኪናው ቆሞ ሳለ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12 ቮልት ላይ ከወረደ አብዛኛው ኃይል አልቋል ማለት ነው። ሞተሩን ለማስነሳት ሲሞከር ከ10 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነም ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው አልያዘም። መብራቱ ደምቆ እየበራ ሞተሪኖው «ጠቅ» ብቻ ብሎ ዝም ካለ ደግሞ የገመድ ግንኙነቱንና ራሱን ሞተሪኖውን ማየት ይገባል። ማርሹ አውቶማቲክ በሆነ መኪና ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የማርሽ ዘንጉ በማቆሚያው ወይም በዜሮው ቦታ መሆኑን ማረጋገጥ ከብዙ ድካም ያድናል።

ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ባትሪ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። በዚህ ጊዜ የሚፈለገው ነዳጅ መድረሱ፣ አየር መግባቱ፣ በቤንዚን ሞተር ላይ የካንዴላው ብልጭታ መኖሩ፣ በመጨረሻም የሞተሩ እመቃ ደህና መሆኑ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው ጥያቄው በአብዛኛው ናፍጣው በትክክል ይደርሳል ወይ የሚለው ይሆናል።

ይህች አንዲት ጥያቄ ብቻዋን የተጠርጣሪውን ዝርዝር በግማሽ ትቀንሳለች። ለመጠየቅ የምትፈጀውም ጥቂት ሰኮንድ ነው። ይሁን እንጂ በየመንገዱ ዳር ሞተሩ እንደ ልቡ እየዞረ ባትሪ ሲበደር የሚውል ሰው አይጠፋም።

መጨረሻ የተነካው ቦታ

ሁለተኛው ጥያቄ ከጥገና የወጣን መኪና ከሌላው ይለየዋል። በመጨረሻ የተነካው የትኛው ክፍል ነው? መኪናው ወደ ጋራዥ ሲገባ ይነሳ ከነበረና ሲወጣ አልነሳም ካለ፣ ሌላ ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ ተጠርጣሪው የተፈታው፣ የተነቀለው ወይም የተቀየረው ነገር ነው።

ባትሪው ተነቅሎ ከነበረ ማሰሪያዎቹን በእጅ ነቅነቅ ማድረግ ይገባል። ከባትሪው ወደ መኪናው አካልና ወደ ሞተሩ የሚሄደው፣ ሠራተኞቹ «ማሳ» የሚሉት ገመድ ሳይታሰር ወይም ዝገቱ ሳይፋቅ ታስሮ ሊሆን ይችላል። ካምቢዮ ወይም ሞተር ወርዶ ከነበረ ይህ ገመድ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ነው።

የናፍጣ ፊልትሮ ተቀይሮ ከነበረ መስመሩ ውስጥ አየር ቀርቶ ይሆናል። በብዙ የናፍጣ ፒክአፖች ላይ ፊልትሮው አናት ያለችውን የእጅ ፓምፕ ጠጠር እስክትል ደጋግሞ መጫን አየሩን ያስወጣዋል። አዲሶቹ በከፍተኛ ግፊት ናፍጣ የሚረጩ ሞተሮች ላይ ግን የግፊቱን ቱቦ በዘፈቀደ መፍታት ለሰውም ለሞተሩም አደጋ ነው።

የካንዴላ ገመዶች ተነቅለው ከነበረ ቦታቸው ተለዋውጦ ይሆናል። በአብዛኞቹ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ የማቀጣጠያው ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ተራው ሲሳሳት ሞተሩ እያስነጠሰ ይመልሳል እንጂ አይነሳም። የተቀየረው የታይሚንግ ቺንጋ ከሆነ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ምልክቱን ስቶ የተገጠመ ቺንጋ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ፒስተኑን ከቫልቩ ጋር ያጋጫል። ሞተሩ ከወትሮው በፈጠነና በቀለለ ድምፅ ከዞረ ደጋግሞ መሞከሩን ትቶ ኮፈኑን መክፈት ይመረጣል። በዚህ ጊዜ መኪናውን ገፍቶ ለማስነሳት መሞከር የትንሽ ስህተትን ሒሳብ ወደ ሙሉ የሞተር ጥገና ሊያሳድገው ይችላል።

አዲስ ቁልፍ ተቀርጾ ከነበረም፣ ቁልፉ በሩን ከፍቶ ሞተሩን ቢያዞርም ውስጡ ያለው መለያ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ካልተዋወቀ ሞተሩ አይነሳም። ይህን ብልሽት የነዳጅ ፓምፕ በመቀየር ማዳን አይቻልም።

አንድ ነገር ለሁሉም ይሠራል። ሞተሪኖውን ያለ ዕረፍት ማስጮህ ባትሪውንም ሞተሪኖውንም ይጎዳል። 10 ሰኮንድ ሞክሮ፣ አንድ ደቂቃ ያህል አሳርፎ፣ ምን እንደተሰማ ማድመጥ ይሻላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሁሉ በጥድፊያ የታሰረ ገመድ በጥድፊያ አይገኝም።

ግምት ሲሸጥ

ይህ ሁሉ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ቀላሉ ምርመራ ተዘልሎ ውዱ ዕቃ የሚቀየረው ስለምን ነው? መልሱ ያለው በሒሳብ አከፋፈሉ ላይ ነው። ባለመኪናው ለዕቃ ሲከፍል ዕቃውን በእጁ ይዞ ያየዋል። ለምርመራ ሲከፍል ግን የሚያየው ነገር የለም። «ገና ሳትነካው የምን ገንዘብ?» የሚለውም ለዚህ ነው። ምርመራ ዋጋ በሌለው ገበያ ውስጥ መካኒኩ ጊዜውን በምርመራ ላይ ቢያጠፋ ራሱ ይከስራል። እንጀራው ያለው ዕቃ በመቀየሩ ላይ ነውና ወደ መቀየሩ ይሄዳል።

የኢኮኖሚክስ ምሁራን ይህን ችግር ከቆየ ጀምሮ ያውቁታል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዥ በማያውቅበት ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ውስጥ ደህናው ዕቃ በመጥፎው እየተገፋ እንደሚወጣ አሳየ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ማይክል ዳርቢና ኢዲ ካርኒ ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት፣ ገዥው ከገዛውም በኋላ በእርግጥ ያስፈልገው እንደነበር የማያውቀው አገልግሎት እንዳለ ጻፉ። ጥገና የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ሞተሪኖው ተቀይሮ መኪናው ቢነሳ እንኳ ያስነሳው አዲሱ ሞተሪኖ ይሁን ወይስ በመሀል ጠበቅ የተደረገው ገመድ፣ ባለመኪናው ማወቂያ የለውም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ለስሌት ያህል የአንድ ባትሪ ዋጋ 10,000 ብር፣ የምርመራ ዋጋ 1,000 ብር ነው እንበል። በግምት ባትሪ የሚገዛ ሰው ግምቱ ከሳተ 10,000 ብሩን ያጣል፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ በየሱቁ ተለጥፏልና። ምርመራ የሚያስደርግ ሰው ግን ቢበዛ የሚያጣው 1,000 ብሩን ነው። ስለዚህ ከ10 ግምቶች አንዱ ብቻ ቢስት ሁለቱ ወጪዎች እኩል ይመጣሉ። ግምቱ ከዚያ በላይ የሚስት ከሆነ ምርመራው ያተርፋል። የዕቃው ዋጋ ሲጨምር ደግሞ ምርመራው የሚያዋጣበት ደረጃ እየቀረበ ይመጣል። መለዋወጫ በተወደደበት ዘመን ምርመራን እንደ ነፃ ነገር መቁጠር ለባለመኪናውም አያዋጣውም።

ጉዱማሌ ላይ ችግሩ ሌላም መልክ አለው። የከተማው ታክሲ ነጂ ለጋራዡ ነገም የሚመለስ ደንበኛ ነው፤ ቢከፋው ወሬው ፌርማታ ለፌርማታ ይዞራል። እሑድ ማታ ቤተሰቡን ይዞ የቆመው እንግዳ ግን ነገ አገሩ ይገባል። የመደራደር አቅሙ ከሁሉ ያነሰ፣ ችኮላው ከሁሉ የበዛ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ሳይበዘብዙ መሥራት የሰው ጠባይ ጉዳይ ቢሆንም፣ በእንግዳ የሚኖር ከተማ ግን ጉዳዩን ለጠባይ ብቻ ሊተወው አይገባም።

የጋራዡም ወገን

ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በጋራዡ ላይ መከመር ፍትሐዊ አይሆንም። የእጅ ዋጋ ላይ እስከ መጨረሻዋ ብር የሚከራከር ደንበኛ ሥራው ረጋ ተብሎ እንዲሠራ መጠበቅ አይችልም። ለበዓል ድረስልኝ ብሎ መካኒኩን ቆሞ የሚያጣድፍ፣ የሞተሩን የቆየ በሽታ ደብቆ «ትንሽ ነገር ናት» የሚልም አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ዕቃውን ራሱ ገዝቶ የሚያመጣ ደንበኛም ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ያስመጣል፤ ወይም ከሱቅ በርካሽ ያገኘውን ይዞ ይመጣል። ዕቃው በሳምንቱ ሲበላሽ ግን የሚጠየቀው የገጠመው ሰው ነው። መካኒኩ «ዕቃው የእርስዎ ነው» ሲል ደንበኛው «የገጠምከው አንተ ነህ» ይላል። ዕቃውን ማን እንዳመጣው፣ አዲስ ይሁን ያገለገለ ካልተጻፈ በቀር ይህ ክርክር መቋጫ የለውም።

በሕግ በኩል መነሻ የሚሆን ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2610 ላይ፣ ሥራ ተቀባዩ ዋጋ ተቀብሎ በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት የሚገባውን ውል ይደነግጋል። በዚህ መንፈስ ሲታይ ደንበኛው የሚገዛው የመካኒኩን ልፋት ብቻ ሳይሆን ውጤቱንም ነው። ነገር ግን ውጤቱ ምን እንደነበር በጽሑፍ ካልተቀመጠ ማስረዳቱ ከባድ ነው። «መኪናዬን አስተካክልልኝ» የሚለው ቃል ምንም ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ጠዋት ጠዋት በመጀመሪያው ሙከራ አይነሳም» የሚለው ግን ሊለካ የሚችል ነገር ነው።

አንድ ወረቀት

መፍትሔው ትልቅ ማሽንም ሆነ አዲስ መሥሪያ ቤት የሚጠይቅ አይደለም። አንዲት በሁለት ቅጂ የምትጻፍ ወረቀት አብዛኛውን ነገር ትፈታለች። በላይዋ ላይ መኪናው የገባበት ቀንና የኪሎ ሜትሩ ንባብ፣ ሲገባ ይነሳ እንደነበርና እንዳልነበር፣ ደንበኛው ያቀረበው አቤቱታ በራሱ አነጋገር ይሰፍራል። ከዚያም የተፈታውና የተነቀለው ክፍል፣ የተቀየረው ዕቃና ያቀረበው ሰው፣ የምርመራው ዋጋና የእጅ ዋጋው ለየብቻ ይጻፋሉ። አሮጌው ዕቃ ለባለቤቱ መመለሱና ያው ብልሽት በስንት ቀን ውስጥ ቢመለስ ያለ ክፍያ እንደሚታይ ይጨመርበታል። ሁለቱም ይፈርማሉ።

ይህች ወረቀት ለደንበኛው ብቻ የቆመች አይደለችም። መካኒኩ የናፍጣ ፊልትሮ ብቻ ቀይሮ ከነበረና ከሳምንት በኋላ ዲናሞው ቢቃጠል፣ እጁ እንዳልነካው የምትመሰክርለት እርሷ ነች። ሌላ ባለሙያ መኪናውን መንገድ ላይ ቢያገኘው ደግሞ የት መጀመር እንዳለበት ትነግረዋለች። «መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይገኛል።

ርክክቡም እንዲሁ ሥርዓት ይሻል። አንዴ አስነስቶ «ይኸው፣ ሠርቷል» ማለት በቂ አይደለም። መኪናው ቀዝቅዞ ሳለ ይነሳ፤ ጥቂት ተነድቶ ሞተሩ ከጋለ በኋላ ይጥፋና እንደገና ይነሳ። ያልጠበቀ ገመድና መስመር ውስጥ የቀረ አየር ብዙ ጊዜ የሚጋለጡት በዚህ መካከል ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል መታገስ ሐይቅ ዳር ሌሊት ከመቆም ይሻላል። ባለመኪናውም በበኩሉ ይህን ጊዜና የምርመራውን ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኛ መሆን ይኖርበታል። የማይከፈልበት ጥንቃቄ ገበያ ላይ አይቆይም።

«ከእንግዲህ ኤሌክትሪክ መኪና ስለሚመጣ ይህ ሁሉ ያልፋል» የሚል አይጠፋም። ናፍጣና ካንዴላ መቅረታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ከትልቁ ባትሪያቸው ሌላ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላቸው፤ እርሱ ሲደክም ወይም ማሰሪያው ሲላላ ትልቁ ባትሪ ሞልቶም ቢሆን መኪናው ሥራ ላይጀምር ይችላል። የዕቃው ዋጋ ሲከብድና ውስጡን የሚያውቀው ሰው ሲያንስ የግምት ጥገና ኪሣራም ያንኑ ያህል ይከብዳል። የሀዋሳ ጋራዦች ምርመራን በዋጋ መሸጥና ሥራቸውን በወረቀት ማስረከብ ዛሬ ቢለምዱ፣ ደንበኛው ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል። ደንበኛውም «ስንት ዕቃ ተቀየረ?» ከማለቱ በፊት «ብልሽቱ ምን ሆኖ ተገኘ?» ብሎ መጠየቅ ሊጀምር ይገባዋል። ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ጋራዥ ቁልፍ ሊረከብ አይገባውም።